ያለ ፈቃድ ከስብሰባ የቀረ እንደራሴ ከምርጫ ይታገድ?

የክርክሩ መነሻ፦ በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት መራጮች በ2022 እ.ኤ.አ. በ68 በመቶ ገደማ ድምፅ ሕገ መንግሥታቸውን አሻሻሉ። በአንድ የጉባኤ ዘመን ያለ ፈቃድ 10 ጊዜ የቀረ የምክር ቤት አባል ለቀጣዩ የሥራ ዘመን መቀመጫ አይዝም። በ2023 አሥር ሴናተሮች፣ አብዛኞቹ ሪፐብሊካኖች፣ ለስድስት ሳምንት ያህል ስብሰባ ረግጠው ቀሩ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 እገዳውን አጸናባቸው።

ደጋፊ፦ ረቂቁ ያልጣመው እንደራሴ ይሟገት፣ ይቃወም፣ ካልሆነለትም በድምፅ ይረታ። ደብዛውን አጥፍቶ ምክር ቤት መዝጋት ግን ምን የሚሉት ውክልና ነው? በ2020 የአየር ንብረት ረቂቅ ሕግ የከሸፈው በዚሁ መንገድ ነበር። የገንዘብ መቀጮ እንደሆነ ሌላ ሰው ሊከፍልለት ይችላል፤ መቀመጫውን ግን ማንም አይከፍልለትም።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ እነዚህ ሰዎች ሰንፈው የቀሩ አስመሰልካቸው። በ2001 የምርጫ ክልል ሲከለል ረግጠው የወጡት ዴሞክራቶች ነበሩ፤ ያኔ የአንተ ወገን ስሙን «ትግል» ሳይለው አልቀረም። በ2023 ሪፐብሊካኖቹ ሲመለሱስ? ስለ ፅንስ ማቋረጥና ስለ ጦር መሣሪያ የቀረቡት ረቂቆች ለዝበው ነበር። በድምፅ ብቻ ቢሟገቱ ማን ይሰማቸው ነበር? ደግሞ ችግሩ ያለው ምልዓተ ጉባኤው ላይ፣ ማለትም ስብሰባ ለመክፈት በሚያስፈልገው የአባላት ቁጥር ላይ ነው፤ ኦሪገን ሁለት ሦስተኛ ትጠይቃለች፣ ከ30 ሴናተር 20። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 ከግማሽ በላይ ይበቃል። እሱን ያስተካክሉ።

ደጋፊ፦ ይህማ ከእኔም የከፋ ነው! ምልዓተ ጉባኤው ወደ ግማሽ ወርዶ ቢሆን የ2023ቱ 17 ዴሞክራቶች ብቻቸውን ይሰበስቡ ነበር፤ ያኔ ሪፐብሊካኖቹ ቢቀሩም ባይቀሩም ለውጥ የለውም። እገዳው ቢያንስ ዘጠኝ ቀን ይተውላቸዋል።

ተቃዋሚ፦ እሺ፣ እሱን ልተወው። ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው ታዲያ? የሴኔቱ ፕሬዚዳንት፣ የብዙኃኑ ፓርቲ ሰው። ተፎካካሪህ «ያለ ፈቃድ ቀርተሃል» ብሎ ከምርጫ ያስወጣሃል ማለት ነው። ኦሪገን እኮ ከ1908 ጀምሮ መራጩ ወኪሉን የሚያወርድበት ሕግ አላት። የገጠሩ መራጭ በሰውየው መቅረት ካልተከፋ የትልቁ ከተማ የፖርትላንድ ሰው ምን አገባው?

ደጋፊ፦ ፈቃዱን ከሁለቱም ወገን የተውጣጣ ኮሚቴ ይስጥ፤ በዚህ እስማማለሁ። የፖርትላንዱ ሰው ግን ያገባዋል፤ የተዘጋው ምክር ቤት የእሱም ነው።