ማስተካከያ፦ «ራጁ ንጹህ ነው» ሲባል

ስለ ልጆች የእጅ አንጓ ስብራት ባለፈው ስጽፍ «ራጅ ላይ ስብራት ካልታየ ተረጋግታችሁ ወደ ቤት ግቡ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

በልጅ ክንድ አጥንት ጫፍ፣ አንጓው አጠገብ፣ አጥንቱን የሚያስረዝም ስስና ልስልስ ክፍል አለ። የአጥንት ማደጊያ እንበለው። ገና አጥንት ስላልሆነ ራጅ ላይ እንደ ጥቁር መስመር ነው የሚታየው። ሳልተርና ሃሪስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1963 በዚህ ማደጊያ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በ5 ዓይነት ከፍለውታል። የመጀመሪያው ዓይነት፣ አጥንቱ ቦታውን ካልለቀቀ፣ ራጅ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ልክ እዚያ መስመር ላይ በጣት ጫን ሲደረግ ልጁ «ዋይ!» ካለ፣ ራጁ ንጹህ ቢሆንም እጁ ይታሰራል። ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜም እንደገና ይታያል።

«የተሰበረው አጥንት ጠሞ ከገጠመም በኋላ መልሶ ማቃናት ይቻላል» ያልኩትም ይታረም። 10 ቀን ገደማ ካለፈው ማደጊያውን በጉልበት መግፋት ራሱ ሌላ ጉዳት ነው። በትንሽ ልጅ ላይ መጠነኛ ጥመት ከእድገት ጋር እየተቃና ይሄዳል። ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸትማ ጭራሽ አይሞከር (ይህን እንኳ ያኔም ብያለሁ)።

በመጨረሻ፣ ጀሶው ሲፈታ ነገሩ አያልቅም። በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ርዝመቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከዚሁ ከአንጓው ጫፍ ነው። ማደጊያው ከተዘጋ ጎረቤቱ አጥንት ብቻውን እየረዘመ አንጓውን ያጣምመዋል። ማደጊያው ለተጎዳ ልጅ ከ6 ወር እስከ ዓመት የራጅ ክትትል ያስፈልገዋል።