አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ

ሰሞኑን አንዲት ጎረቤታችን የሽንኩርት ቢላ ይዘው በራችንን አንኳኩ። ቢላውን ሳይ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ከዚያች ዘንባባህ አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ቁረጥልኝ፤ እኔም ግቢ ትጽደቅ» አሉኝ።

ዘንባባ እኮ ቅርንጫፍ የለውም። ያ ከላይ የተንዠረገገው ቅጠል ነው። እንደ ጽጌረዳ ወይም እንደ በለስ ቆርጠው ቢሰኩት አይጸድቅም። ለጥቂት ቀን አረንጓዴ ሆኖ ያታልላል፣ ከዚያ ይደርቃል። የኔው ደግሞ ባለ አንድ ግንድ ነው፤ የሚያድገው አናቱ ላይ ካለች አንዲት ቦታ ብቻ። እሷ ከተነካች አለቀለት። ይህን ሁሉ በር ላይ ቆሜ አስረዳሁ። ጎረቤቴ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «እሺ፣ እንግዲያው ትንሿን ቁረጥልኝ» አሉ።

እዚህ ለገጣፎ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው መጀመሪያ አጥር ያጥራል፣ ቀጥሎ ሮቶ ይሰቅላል፣ ከዚያ የሰው ግቢ ማየት ይጀምራል። ችግኝ በገንዘብ መግዛት ነውር ነው። ፍሬ ዘርቶ መጠበቅማ ጭራሽ አይታሰብም። እንግዳ ገብቶ «እንደምን ከረማችሁ» ሳይል፣ «ይቺ በቁራጭ ትጸድቃለች?» ይላል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት በጣም እወደዋለሁ። ግን ያወጣው ሰው ዘንባባ ዘርቶ አያውቅም። እንቁላል በ21 ቀኑ ጫጩት ነው! ይሄ ምኑ ትዕግሥት ነው? ደግሞ አሁን አሁን እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ከኛ ወጥ ቤት እየወጣ ነው። ድሮ ዶሮ ወጥ ላይ ለሰው አንድ እንቁላል ይደርሰው ነበር። ባለፈው አንድ ቤት ተጋብዤ እንቁላሉ በክር ለሁለት ሲከፈል በዓይኔ አየሁ። በክር! አስተናጋጇ የኔን ግማሽ ስታወጣልኝ አስኳሉ ወደ ሌላኛው ግማሽ ማድላቱን አስተውያለሁ። ይሁን።

የዘንባባ ፍሬ ለመብቀል ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፤ ዓመት የሚያስጠብቅም አለ። ሥጋው ተፍቆ፣ ውኃው እየተቀየረ አንድ ሁለት ቀን ተነክሮ፣ ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የምትበልጥ ከተማ ናት። ዳርቻዋ ላይ የኅዳር ሌሊት እንኳን ዘር ሰውም አያበቅልም። ስለዚህ እርጥብ አሸዋ ፌስታል ውስጥ አድርጌ ፍሪጅ ጀርባ፣ ሞተሩ በሚሞቅበት በኩል አስቀምጣለሁ። መብራት ይጠፋል። ይመጣል። ባለቤቴ «ይሄ ቆሻሻ ምንድን ነው?» ብላ ልትጥለው ታነሳዋለች።

ተምር ሲበቅል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከፍሬው ጀርባ ካለች ነጥብ ነጭ ጭራ ትወጣለች። ወደ ላይ አትልም፤ ወደ ታች ትቆፍራለች። ቅጠሏ የምትወጣው ከፍሬው ራቅ ብላ፣ በዚያች ጭራ ስንጥቅ በኩል ነው። ስትወጣም ዘንባባ አትመስልም። ቁርጥ ሣር ናት። ሊጠይቀኝ የመጣ አንድ ዘመዴ ችግኞቼን አይቶ፣ «አረም በዝቶብህ ነቃቀልኩልህ» አለኝ። አመሰገንኩት። ምን ይባላል?

እስራኤል ውስጥ ከማሳዳ ፍርስራሽ የተገኘ፣ ወደ 2,000 ዓመት የሚጠጋ የተምር ዘር እ.ኤ.አ. በ2005 ተተክሎ በቅሏል። ስሙንም ማቱሳላ አሉት። የቦታው ድርቀት ጠብቆት ነው ይላሉ። እኔ ግን ያን ሁሉ ዘመን «ገና አልወጣም?» እያለ አፈሩን የሚጭር ዘመድ ስላልነበረው ይመስለኛል። ይህ ሁሉ ሆኖ ማቱሳላ ወንድ ሆኖ ተገኘ። ተምር ወንድና ሴት አለው፤ ወንዱ ፍሬ አይሰጥም።

አንድ የቆየ ቂምም አለኝ። በሆሳዕና ዋዜማ የሠፈር ልጆች ቅጠል ሊለምኑ መጡ። ለሆሳዕና ከተባለ እምቢ አይባልም። ቀለበቱም፣ መስቀሉም፣ ግንባር ላይ የሚታሰረውም ከዘንባባ ነው። ከዳር ከዳር ቢወስዱ ዛፉ ምንም አይሆንም ነበር። አንዱ ብልጥ ግን መሀል ያለው ያልተከፈተው ቅጠል ለቀለበት ይለሰልሳል ብሎ እስከ ልቡ ድረስ ቆፍሮ አወጣው። ክረምቱ ሲገባ ግንዱ ብቻ ቆሞ ቀረ። ያ ልጅ አሁን አድጎ አግብቷል። ሠርጉ ላይ ተጠርቼ ሄጃለሁ። በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ጨፈርኩ። አልረሳሁም።

እና ጎረቤቴ፤ ጥቂት ፍሬ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። «መቼ ትደርሳለች?» አሉኝ። እግዜር ያውቃል አልኳቸው። ቅር እያላቸው ሄዱ።

እርግጥ ሁሉም ዘንባባ እንዲህ ግትር አይደለም። የሀገራችን የወንዝ ዳር ዘንባባም፣ አሬካ የሚባለውም ከሥራቸው በዝተው ስለሚወጡ፣ ዝናብ ሲጀምር ከነሥራቸው ከፍሎ ለሰው መስጠት ይቻላል። ይሄን ግን ለጎረቤቴ አልነገርኳቸውም። አሬካዬ ከሮቶው ጀርባ ነው ያለው። እዚያ ከብርድም ከሰውም ይከለላል።