ጀርባው ያበጠው

አዳማ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው የትም አይሄድም። ፀሐዩ አያስኬድም። ባጃጅ እንኳ ጥላ ፈልጎ ነው የሚቆመው። እኔም በረንዳውን ውሃ ረጭቼ፣ መጋረጃውን ዘግቼ፣ ቆሎዬን ይዤ ቲቪ ፊት ቁጭ እላለሁ። ፍላቱ ፊት አይደለም። አሮጌው ፊት። ጀርባው ያበጠው ባለ 21 ኢንቹ።

ባለቤቴ ለቆራሌው ልትሸጥብኝ ሦስቴ ሞክራለች። አንዴማ ልዋጭ የሚለው ልጅ መጥቶ በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ካልወሰድኩት አለ። በሳፋ! እሷ ደግሞ ሳፋውን ገልብጣ ታየዋለች። ቲቪውን ያተረፈው ክብደቱ ነው። ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ልጁ ብቻውን ነበር።

ልጄ መጀመሪያ ያየው ቀን «አባዬ፣ ይሄ ማይክሮዌቭ ነው?» አለኝ። ቀጥሎ መስታወቱን በጣቱ ወደ ላይ ገፋ ገፋ አደረገው። አልሄደለትም። የክንዱ ፀጉር ግን ቀጥ ብሎ ቆመና በርግጎ ሸሸ።

የዚህ ቲቪ ማዕረጉ አናቱ ላይ ነው። ዳንቴል ይለብሳል፤ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የምርቃት ፎቶ። እስቲ ፍላት ስክሪን ላይ ምን ይቀመጣል? ድመታችንም ከኔ ጋር ናት። ጥቅምት ላይ ሙቀቱን ፍለጋ እላዩ ትተኛለች፤ ጅራቷ ዜና አንባቢው አፍንጫ ላይ ይወዛወዛል።

ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ጎኑን በጥፊ አንዴ ነው። ጠጋኙ «ውስጡ ብየዳው ስለላላ ነው» ይላል። እኔ ይሉኝታ ስላለው ይመስለኛል። ጀርባውን መክፈት ግን አይሞከርም፤ ከሶኬት ተነቅሎም በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ቂመኛ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ የድሮ ፕሮግራም በፍላሽ ጭኖ አመጣ። ሪሲቨሩን በቢጫ፣ በነጭና በቀይ ገመድ ልናገናኝ ስንል ለቀዩ ቀዳዳ የለም። ተንጠልጥሎ ቀረ። ቢሆንም ሠራ። አባባ ተስፋዬ ብቅ አሉ! የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንስቶ ስንቱን ትውልድ ተረት እየነገሩ ያሳደጉ ሰው።

ሰላም ሲሉን እኔ፣ ሪህ የጀመረኝ ጎልማሳ፣ «ጤና ይስጥልኝ አባባ ተስፋዬ!» ብዬ ብድግ። ቆሎው ተበተነ። ልጄ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጸኝ ነው። አፈር ልብላ ስል፣ ከበር በኩል ሌላ «ጤና ይስጥልኝ» ተሰማ። ጨው ልትበደር የመጣች ጎረቤታችን ናት። ከኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ቲቪ ያለው ቤት በሰፈሩ አንድ በነበረበት ዘመን ያደገች።

«ግቢ እንጂ» አልኳት።

እግሯን ቁልቁል አየችና «ታጥቤ ልግባ?» አለች።

ሁለታችንም እስክናነባ ሳቅን። ልጄ ምኑ እንዳሳቀን አልገባውም። የባለ ቲቪዎቹ እመቤት በር ላይ ቆማ የሰፈሩን ልጅ እግር ስትፈትሽ የት አይቶ።

ባለቤቴ ሳቃችንን ሰምታ ከኩሽና መጣች። «ቆይ ድምፁን ጨምሩት» ብላ ተቀመጠች። ሽንኩርቷን እዚያው መላጥ ጀመረች። ተረቱ ሊያልቅ ሲል ከውጭ «ቆራሌው!» የሚል ጩኸት መጣ። ቀና ብላ አየችኝ። ተነሥታ በሩን ዘጋችው።

«ሳፋ ግን ያስፈልገናል» አለች።