የማን ልጅ ነሽ?

ስዊድን ውስጥ ስሜን ስናገር የሚከተለኝ ጥያቄ ዘወትር አንድ ነው፤ «እንዴት ይጻፋል?» አገር ቤት ስሜን ስናገር ግን «የማን ልጅ ነሽ?» ይሉኛል። በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች የአባቴን ስም ሰምተው አይበቃቸውም። «የአያትሽስ? የየት አገር ሰው ናቸው?» እያሉ፣ የሚያውቁት ሰው ላይ እስኪደርሱ ድረስ ወደ ላይ ይቆጥራሉ። ሲደርሱ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንግዳ አይደለሁም። በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል አሥራ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ። ክብደታቸው የገባኝ ግን ልጃችንን ባስመዘገብን ጊዜ ነው።

እዚህ የሕዝቡን መዝገብ የሚይዘው የግብር መሥሪያ ቤት ነው፤ እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነበር። ወላጆች ልጃቸው በተወለደ በሦስት ወር ውስጥ ስሙን ማሳወቅ አለባቸው። የልጃችንን መጠሪያ ስም ገና በእርግዝናዬ ጊዜ ተስማምተንበት ስለነበር አልተቸገርንም። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ ላይ ስንደርስ ግን ሁለታችንም ዝም አልን። በመዝገብ የባለቤቴ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተያዘው የአባቱ ስም ነው፤ የእኔም የአባቴ። ልጃችን የአባቷን «የቤተሰብ ስም» ስትወስድ የአያቷ ልጅ ትሆናለች፤ የወለዳት ሰው ከስሟ ውስጥ ይጠፋል። ይህን እያወቅን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች እንደሚያደርጉት አደረግን። በትምህርት ቤትና በአውሮፕላን ማረፊያ አባትና ልጅ በአንድ ስም ይገኙ ብለን ነው። እኔ ግን ስሜ ከእነርሱ ስለሚለይ፣ ልጄን ይዤ ብቻዬን በተጓዝኩ ቁጥር እናቷ መሆኔን የሚያስረዳ ወረቀት ከቦርሳዬ አይለይም።

የሚያስደንቀኝ፣ ስዊድኖች ራሳቸው ከእኛ ሥርዓት ብዙ አልራቁም ነበር። የአንደርስ ልጅ ወንድ ከሆነ አንደርሾን፣ ሴት ከሆነች አንደርስዶተር ትባል ነበር፤ የመጀመሪያው «የአንደርስ ወንድ ልጅ»፣ ሁለተኛው «የአንደርስ ሴት ልጅ» ማለት ነው። የእነርሱ ልጆች ደግሞ በአባታቸው መጠሪያ ስም ይጠሩ ነበር። ሴቲቱም አግብታ የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖር ነበር። ከዚያ የከተማው ሰው ስሙን ለልጅ ልጁ ማውረስ ጀመረ፤ በ1901 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተሰብ ስም ደንብ ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚወረስ ስም መያዝ በሁሉም ዘንድ እየተለመደ ሄደ። በዚያ ጊዜ የተገኘው ስም ባለበት ቆሞ ቀረ። ዛሬ በአገሪቱ እጅግ ከበዙት ስሞች አንዱ አንደርሾን ነው፤ የያዙት ሰዎች አባት ግን አንደርስ አይባልም። «የዮሃን ወንድ ልጅ» የሚል ስም ደረቷ ላይ የለጠፈች ሴት ሐኪም ታክመኛለች። ያ ስም አንድ ጊዜ እውነት የነበረ ንግግር ነው።

ይህ ለውጥ የግድ አልነበረም። አይስላንድ የጥንቱን ሥርዓት እስከ ዛሬ ጠብቃለች። በ1980 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ቪግዲስ ፊንቦጋዶተር ስማቸው «ቪግዲስ፣ የፊንቦጊ ሴት ልጅ» ማለት ነው፤ ሕዝቡም የሚጠራቸው ቪግዲስ እያለ ነው። የስልክ ማውጫቸው እንኳ የሚደረደረው በመጠሪያ ስም ነበር። ስለዚህ «በዚህ ዘመን ያለ ቤተሰብ ስም መኖር አይቻልም» የሚሉኝን ወገኖቼን አልቀበላቸውም። በዘመናዊ መንግሥት፣ በባንክና በኮምፒውተር መካከል የሚኖር ሕዝብ አድርጎታል።

የእኛም መንግሥት አንድ ጊዜ የአውሮፓን መንገድ ሞክሮ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ይደነግጋል። ድንጋጌው ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ሰው ቤት አልገባም። አገር ቤት የሚሞሉ ቅጾች ዛሬም የሚጠይቁት ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው። በዚህ ደስ ይለኛል።

ስዊድን ውስጥ በጣም የምወዳቸው ስሞች የወታደሮቹ ናቸው። በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በንጉሥ ካርል 11ኛ ጊዜ ሠራዊቱ እንደ አዲስ ሲደራጅ፣ በአንድ ሻምበል ውስጥ አንደርሾኖች እየበዙ ስላስቸገሩ ለወታደሩ አጭር ስም ይሰጠው ጀመር። ሾልድ ጋሻ ነው፤ ስቬርድ ሰይፍ፤ ሙዲግ ደፋር። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በእነዚሁ ስሞች ይጠራሉ። መጀመሪያ ሾልድን ሳገኝ ወዲያው የታወሰኝ የእኛ ጋሻው ነው፤ ከእርሱም ጋር ሺመልስና ሽፈራው። ሺህ የሚመልስ፣ ሺህ የፈራው! ይሁን እንጂ ስዊድናዊው ወታደር ጋሻ የተባለው ካደገ በኋላ፣ በአለቃው ፊት፣ ከሌላው እንዲለይ ነው። እኛ ዘንድ ሺህ የፈራው የሚባለው ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ነው፤ የሚለውም አባቱ ነው።

የአማርኛ ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። አበበ፣ በቀለ፣ ታደሰ፣ ዘነበች፤ አንድ ሰው ያየውን የተናገረበት ቃል ነው። ልጅ ሞቶበት ሌላ የተወለደለት ቤት ደግሞ ካሳ ይላል፤ ሴት ስትሆን ካሰች፤ ወይም ምትኩ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ። «ተካልኝ» ለፈጣሪ የተባለ ነው። «ድንቅነሽ» ለልጅቱ የተባለ ነው። እጅጋየሁን ያስተዋለ ሰው ደግሞ ልቡ ይነካል፤ «እጅግ አየሁ» ያለችው ልጅቱ አይደለችም፤ ብዙ ያየች ወላጅ ናት፤ ልጅቱ ያንን የሌላ ሰው ቃል ዕድሜ ልኳን ይዛው ትዞራለች። በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችውን ቅሪተ አካል ፈላጊዎቹ በሰፈራቸው ይሰሙት ከነበረ ዘፈን ሉሲ አሏት፤ የእኛ ሰው ግን ፊት ለፊት ቆሞ እንደሚያናግራት «ድንቅ ነሽ» አላት።

እንዲህ ያለው ስም ባሕር ሲሻገር መቆረጡ ያሳዝነኛል። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ስማቸው በ«ገብረ» ይጀምራል። በጉዞ ሰነዳቸው ላይ ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ስለተጻፉ፣ በጤና ጣቢያ «ገብረ!» ተብለው ይጠራሉ። ገብረ ማለት «የ... አገልጋይ» ነው፤ የማን አገልጋይ እንደሆኑ ሳይነገር ቃሉ በአየር ላይ ይቀራል። እርሳቸው ከወንበራቸው ሲነሡ አያለሁ፤ ምንም አይሉም። በንጉሠ ነገሥቱም ላይ ደርሷል። ኃይለ ሥላሴ «የሥላሴ ኃይል» ማለት ሆኖ ሳለ፣ ብዙ የውጭ ጸሐፊዎች የኋለኛውን ቃል እንደ ቤተሰብ ስም ይዘው «ሥላሴ እንዲህ አደረገ» እያሉ ጽፈዋል።

በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ያሸነፈውን ጀግናችንንም ዓለም ቢቂላ ይለዋል፤ የሚጠራው አባቱን ነው። ስሙን አንድ ላይ ለሚሰማ ግን እንዴት ያለ ስም ነው! ቢቂላ በኦሮምኛ የበቀለ እንደ ማለት ነው፤ አበበ በአማርኛ አበባ ሰጠ ማለት ነው። የበቀለው አበበ፤ በሁለት ቋንቋ፣ በሁለት ትውልድ። ከመካከሉ ቆርጦ አንዱን ብቻ መያዝ ያንን ሁሉ ያጠፋል። እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባ እህትማማቾች በመሆናቸው የውጭው ዘጋቢ ዲባባን የቤተሰብ ስም ቢያደርገው ለጊዜው ሰምሮለታል፤ ዘመዳቸው ደራርቱ ግን ቱሉ ናት።

ሁሉንም ግን በሌሎች ላይ ማሳበብ አልችልም። የልጃችንን መጠሪያ ስም ስንመርጥ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ቀ የሌሉበት እንዲሆን ተስማምተን ነበር፤ አስተማሪዋ እንዳትሳሳት፣ ልጆች እንዳይስቁባት። በዚያ አንድ ውሳኔ ጥሩነሽ፣ ጫልቱ፣ ጸሐይና ቅድስት ገና ሳይታሰቡ ከዝርዝሩ ወጡ። የቀረልን አጭርና ለስላሳ፣ በሁሉም አገር የሚገኝ ስም ነው። ያማረ ስም ነው፤ ግን ለእርሷ የተናገርነው ነገር በውስጡ የለም። አገር ቤት ያሉ ወጣት ወላጆችም እንዲህ ያለውን ስም እያዘወተሩ መሆኑን ሳይ፣ እኛ የተገደድንበትን እነርሱ ሳይገደዱ ለምን እንደሚመርጡት ይከነክነኛል።

ባለፈው ክረምት ሰባት ዓመት የሞላትን ልጃችንን ይዘን ወደ አገር ቤት ሄድን። የባለቤቴ ቤተሰቦች ጎረቤት የሆኑ እማማ አገጯን ቀና አድርገው «የማን ልጅ ነሽ የኔ እናት?» አሏት። በፓስፖርቷ ላይ እንዳለው መለሰች። እማማ ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። «የእርሳቸው? እርሳቸውማ ካረፉ አሥር ዓመት አለፋቸው!» የባለቤቴ እህት ፈጥና «የልጃቸው ልጅ ናት እማማ» አለች፤ ሴትዮዋም ስቀው ሳሟት። ልጄ ግን አልሳቀችም። ማታ አባቷን ይዛ፣ ለምን የእርሱ ልጅ ተብላ እንዳልተጻፈች ጠየቀችው።

ያኔ ሰባት ቤት መቁጠር አስተማራት። አምስቱን ራሱ ያውቃል፤ ለሁለቱ ለአጎቱ ስልክ ደወለ። ልጄ በጣቶቿ እየቆጠረች ደጋግማ ካጠናች በኋላ ሁላችንን አየችና «ሁሉም ወንዶች ናቸው። እናቶቹስ ምን ይባሉ ነበር?» አለች። ከአባቷ መልስ አልመጣም። እኔ አገባሁ ብዬ ስሜን ባለመለወጤ ስዊድናውያን ጓደኞቼ ፊት ስንት ጊዜ ኮርቻለሁ! ስሜ ግን በልጄ ቁጥር ውስጥ የትም የለም፤ የእናቴም የለም። ስዊድን ውስጥ አሁን ያለው ሕግ ልጅ በእናቷ መጠሪያ ስም «የእከሊት ልጅ» ተብላ እንድትመዘገብ ይፈቅዳል፤ እኛ ግን ይህን ለማሰብ እንኳ አልሞከርንም ነበር።

በነጋታው እናቴ ዘንድ ሄጄ በሴቶቹ በኩል እንድትቆጥርልኝ ለመንኳት። እናቷን አለች፤ አያቷን አለች፤ ከዚያ ብዙ አስባ አንዲት ብቻ ጨመረች። ስማቸው ካሰች ነበር። በማን ፈንታ እንደካሱ ግን እናቴም አልሰማችም።