«ውቅያኖሱ ሊቆም ነው እንዴ?» ከማለታችን በፊት

የአትላንቲክ ውቅያኖስ ዝውውር እየተዳከመ ነው የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሊቆም ነው እንዴ? ፍርሃቱ ይገባኛል። ይህ ዝውውር ሞቃቱን ውሃ በላይ በላዩ ወደ ሰሜን ይወስዳል። እዚያ ሲደርስ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል። ከዚያ በጥልቁ በኩል ወደ ደቡብ ይመለሳል። በየሰከንዱ የሚንቀሳቀሰው 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቢደክም ጣጣው ብዙ ነው።

ግን ጥያቄው ዋናውን ነገር ያስረሳናል ባይ ነኝ። ምድር ከዛሬው በጣም በምትሞቅበት ዘመን ባሕሩ ምን ያደርግ እንደነበር እንይ።

የዛሬ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ኢዮሲን በሚባለው ዘመን፣ በዋልታዎቹ ላይ ይህ ነው የሚባል ግግር በረዶ አልነበረም። የውቅያኖሱ ጥልቅ ውሃ ዛሬ በአብዛኛው ከ4 ዲግሪ በታች ነው። ያኔ ከ10 ዲግሪ በላይ ነበር። ታዲያ ብርዱ ከሌለ ውሃውን ምን ያሰምጠዋል?

አሜሪካዊው የሥነ ምድር ሊቅ ቶማስ ቻምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1906 አንድ ሐሳብ አቀረበ። ጨው ነው አለ። በሞቃት አካባቢ ፀሐይ ውሃውን ስታተነው ጨው ይቀራል፤ ጨዋማ ውሃ ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ በሞቃት ዘመናት ዝውውሩ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ዛሬም ጨዋማው የሜዲትራኒያን ውሃ በጊብራልታር ወጥቶ አትላንቲክ ውስጥ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰምጣል። በኋላ የተገኘው ማስረጃ ግን ይበልጥ ወደ ዋልታዎቹ ያደላል።

ከማስረጃዎቹ አንዱ የዓሣ ጥርስ ነው። ዓሣው ሲሞት ጥርሱ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል። እዚያ ተቀምጦ ከዙሪያው ውሃ ኒዮዲሚየም የሚባል ንጥረ ነገር ይመጥጣል። የኒዮዲሚየሙ ዓይነት ደግሞ ውሃው ከየትኞቹ ድንጋዮች አካባቢ እንደመጣ ይናገራል። ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ ጥርስ የአንድን ውሃ የትውልድ ቦታ ስታወጣ ሁሌም ይገርመኛል። በዚህ መንገድ እንደታየው በዚያ ሞቃት ዘመን ውሃ በአንታርክቲካ ዙሪያ ይሰምጥ ነበር፤ በሰሜን ፓሲፊክም እንዲሁ። ዛሬ ሰሜን ፓሲፊክ ላይ ይህ አይሆንም፤ የላዩ ውሃ ጨው ስለሚያንሰው ይቀላል።

እንግዲህ ባሕሩ አልቆመም። ቦታ ነው የቀየረው። በርግጥ አህጉራቱም እንደዛሬው አልነበሩም። ፓናማ ላይ ሁለቱን ውቅያኖሶች የሚያገናኝ በር ነበር፤ አንታርክቲካን የሚዞረው ትልቁ ጅረት ደግሞ ገና አልተፈጠረም።

«ካልቆመማ ምን ያስጨንቃል?» የሚል አይጠፋም። የሚያስጨንቀው ትንፋሽ ነው። ጥልቁ ባሕር ኦክስጅን የሚያገኘው ከላይ ከሚሰምጠው ውሃ ብቻ ነው። ሞቃት ውሃ ደግሞ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል። የዛሬ 94 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከፍተኛ ሙቀትና ከእሳተ ገሞራ ጋር የተያያዘ የማዕድን ብዛት ሲገናኙ ሰፋፊ የባሕር ክፍሎች ኦክስጅን አጡ። የሞተው ነገር በወጉ ሳይበሰብስ ተቀበረ። ያ ጭቃ ዛሬ ጥቁር ድንጋይ ሆኖ ይገኛል።

ሌላው የሚያስጨንቀው ፍጥነት ነው። የዛሬ 56 ሚሊዮን ዓመት ብዙ ካርቦን ባንዴ ወደ አየርና ወደ ባሕር ገባ፤ ምድር በ5 ዲግሪ ገደማ ሞቀች። «ባንዴ» ስል በሥነ ምድር ሰዓት ነው፤ ሺዎች ዓመታት ፈጅቷል። የእኛ ልቀት ከዚያም ይፈጥናል። በጥልቁ ወለል ላይ ከሚኖሩት ፎራሚኒፌራ የሚባሉ ደቃቅ ባለዛጎል ፍጥረታት ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ዝርያዎች ጠፉ። ውሃው ሞቀ፣ አሲድነቱ ጨመረ፣ ኦክስጅኑም በብዙ ቦታ ቀነሰ። ዝውውሩ ግን አልቆመም ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ባሕሩ እየዞረም ነዋሪዎቹን ሊገድል ይችላል።

ይህን የምናውቀው ጭቃ ስለተቆፈረ ነው። ጆይደስ ሬዞሉሽን የተባለችው የቁፋሮ መርከብ እ.ኤ.አ. በ2003 ከናሚቢያ ወዲያ፣ ዋልቪስ በሚባለው የባሕር ውስጥ ተራራ ሰንሰለት ላይ ከወለሉ ደለል አወጣች። ደለሉ ነጭ ነው፤ ነጭነቱ የዛጎል ነው። ድንገት ይቆረጥና ጠቆር ያለ ቀይ ሸክላ ይመጣል። ዛጎሉ ሟሙቶ ያለቀበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ስንሄድ ደለሉ ቀስ እያለ እንደገና ይነጣል። ቀዩ በአንዴ ነው የመጣው፤ ነጩ ለመመለስ ከ100,000 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ያቺ መርከብ በ2024 በገንዘብ ምክንያት ሥራዋን አቆመች፤ አሜሪካ በምትኳ ያዘጋጀችው መርከብ አልነበረም። ስለ ባሕሩ መቆም ይህን ያህል የምንጨነቅ ከሆነ፣ የእሷም መቆም ዜና መሆን ነበረበት።