ዋናው ታሪክ ከብልጭታው በኋላ ነው

ስለ ጋማ ጨረር ፍንዳታ ያወጣችሁት ጽሑፍ ፍንዳታውን፣ ማለትም ከሩቅ ሕዋ የሚመጣውን እጅግ ኃይለኛ የጨረር ብልጭታ፣ በሰከንዶች ውስጥ በርቶ የሚጠፋ ነገር አድርጎ አቅርቦ እዚያው ላይ አቁሟል። በጣም ቆጨኝ፤ ዋናው ታሪክ የሚጀምረው ጋማ ጨረሩ ከጠፋ በኋላ ነውና። ወደ ብርሃን ፍጥነት ተቃርቦ የተወረወረው ቁስ በዙሪያው ካለው ጋዝ ጋር ሲጋጭ፣ በኤክስሬይ፣ በሚታይ ብርሃንና በሬዲዮ ሞገድ እየደበዘዘ የሚሄድ ቀሪ ፍካት ይተዋል። ይህ ፍካት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለወራት ይታያል።

ፍንዳታዎቹ ከየት እንደሚመጡ የታወቀውም በዚሁ ፍካት ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 ቤፖሳክስ የተባለችው ሳተላይት አንድ ፍንዳታ መዘገበች፤ ከስምንት ሰዓት ገደማ በኋላ ወደዚያው አቅጣጫ ዞራ የኤክስሬይ ፍካቱን አገኘች። በዚያው ዓመት በሜይ ወር በታየ ሌላ ፍንዳታ ደግሞ በሃዋይ የሚገኘው የኬክ ቴሌስኮፕ የፍካቱን ብርሃን ተንትኖ፣ ምንጩ ከእኛ ጋላክሲ እጅግ ርቆ በቢሊዮኖች በሚቆጠር የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ መሆኑን አረጋገጠ። ፍንዳታዎቹ ከቅርብ ናቸው ወይስ ከሩቅ የሚለው የብዙ ዓመታት ክርክር በዚህ ተቋጨ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የታየው ፍንዳታ ነው። ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች (የፈነዱ ግዙፍ ኮከቦች እጅግ የታመቁ ቅሪቶች) ሲዋሃዱ የፈጠሩት የስበት ሞገድ፣ ማለትም የሕዋ ራሱ ርግብግቢት፣ ወደ ምድር ደረሰ፤ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ ጋማ ጨረሩ ተከተለ። ቻንድራ የተባለው የሕዋ ኤክስሬይ ቴሌስኮፕ በሁለተኛው ቀን ቢመለከት ኤክስሬይ አላየም። ተመራማሪዎቹ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ በዘጠነኛው ቀን ደግመው ሲመለከቱ ፍካቱን አገኙት። ቁሱ ወደ እኛ በቀጥታ ሳይሆን በጎን አቅጣጫ የተወረወረ ስለነበር ፍካቱ ለወራት እየደመቀ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ትተውት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ማን ያይ ነበር? እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጽሑፍ ስለዚህ ክትትል ሰፋ አድርጋችሁ ጻፉልን።