ደምን የሚያጣራ የጆሮ ማዳመጫ የለም

«ተመራማሪዎች የደም ሕዋሳትን በድምፅ ሞገድ መለየት ስለቻሉ፣ የተመረጠ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ደምን ያጣራል» የሚል አስተያየት ሲዘዋወር አየሁ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከእሱ የሚከተል አይደለም።

ልየታው የሚካሄደው ከሰውነት ውጭ ነው። የተቀዳ ደም፣ ብዙውን ጊዜ ተበርዞ፣ ከ1 ሚሊ ሜትር በጠበበ ቦይ ውስጥ እንዲፈስ ይደረጋል። ቦዩ በሰከንድ 2 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሲርገበገብ በፈሳሹ ውስጥ ባለበት የሚቆም ሞገድ ይፈጠራል። ሞገዱ ሕዋሳቱን ወደ ቦዩ መሃል ይገፋቸዋል፤ ትልቁ ነጭ የደም ሕዋስ ፈጥኖ ይደርሳል፣ ትንሿ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የምትረዳው የደም ክፍል) ወደ ኋላ ትቀራለች። (የስብ ጠብታ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ግድግዳው ይሸሻል፤ እኔን ከሁሉም የገረመኝ ይህ ነው።) የቦዩ ጫፍ ስለሚከፋፈል ሁሉም በየመውጫው ይሄዳል።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ ስሌቱ ቀላል ነው። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህ ለ2 ሚሊዮን ሲካፈል የሞገዱ ርዝመት 0.75 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ግማሹ በቦዩ ስፋት ልክ ይገባል። የሰው ጆሮ ሊሰማ በሚችለው የመጨረሻ ቀጭን ድምፅ፣ በሰከንድ 20,000 ጊዜ በሚርገበገበው፣ ቢሰላ ግን 7.5 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ይህ በዚያ ቦይ ውስጥ የሚቆም ሞገድ አይደለም።

ዝም ብዬ ያላለፍኩት ለዚህ ነው፦ የኩላሊት እጥበት የሚከታተል ሰው ወሬውን አምኖ ቀጠሮውን ቢዘል፣ ፖታሲየም በደሙ ውስጥ ተከማችቶ የልብ ምቱን ሊያዛባበት ይችላል።